የዐሥር ሰው ፍሪምባ

ኬሚስትሪ አስተማሪ ነኝ። ስለ መቃጠል አምቦ ላይ ብዙ ዓመት አስተምሬያለሁ፤ «ነዳጅ ሲደመር ኦክስጅን» እያልኩ ስንት ክፍል እንዳሰለቸሁ ተማሪዎቼ ይመስክሩ። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፦ አንድም ቀን ጭስን በቅጡ አሽትቼ አላውቅም ነበር። ጭስ ለእኔ ዓይን የሚያቃጥል፣ ልብስ ላይ የሚቀር፣ ጽጌን «በሩን ክፈተው እንጂ!» የሚያሰኝ ነገር ነበር። ጽጌ ባለቤቴ ናት። በዚህ ወሬ ውስጥ ትክክል ሆና የምትገኘው በአብዛኛው እሷ ስለሆነች ካሁኑ ብትተዋወቋት ይሻላል።

ነገሩ የመጣው በስልኬ ነው። አንድ ቅዳሜ የፈተና ወረቀት ላርም ተቀምጬ (ወረቀት በሚታረምበት ቀን ስልክ ለምን እንደሚጣፍጥ የሚያውቅ ይንገረኝ) አንድ ሰፊ ባርኔጣ የደፋ ፈረንጅ አየሁ። የበሬ ፍሪምባ ሙሉውን፣ ቢላ ሳያርፍበት፣ በርሜል ውስጥ አጋድሞ ዐሥር ሰዓት ሙሉ በጭስ ያበስላል። እሳቱ ጥግ ላይ ነው፤ ሥጋውን አይነካውም። በመጨረሻ ሲቆርጠው ሥጋው እንደ ቅቤ ተለየ። እኔን የገረመኝ ግን ሥጋው አልነበረም። ሰውየው ስለ እንጨት የሚያወራው ነገር ነው። ሽማግሌዎቻችን ስለ ፈረስ እንደሚያወሩት ስለ እንጨት ያወራል። ይሄኛው ለስላሳ ነው፣ ያኛው ቁጡ ነው፣ የፖም እንጨት ጣፋጭ ጭስ አለው፣ ይሄኛው ለዶሮ እንጂ ለበሬ አይሆንም፣ ያኛው ደግሞ ጥቂት ካለፈ ያኮመጥጣል።

እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ የማውቀው እርጥብና ደረቅ የሚባሉ ሁለት እንጨቶችን ነበር። አሁን ማወቅ አማረኝ። የማወቅ ረሃብ ደግሞ ከሆድ ረሃብ ይከፋል፤ የራበው ሰው ሲበላ ያቆማል። ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ መንገድ ላይ ዛፍ ባየሁ ቁጥር «አንተስ ስትጨስ ምን ትሸታለህ?» ማለት ጀመርኩ። በሆዴ ነበር የምለው። አንዳንዴ ድምፅ አውጥቼ ሳልለው አልቀረሁም፤ ጽጌ እንደዚያ ትላለች።

እንጨቱ ይቆየንና ፍሪምባው ከየት ይምጣ? ሙሉ ፍሪምባ ማግኘት እንደምታስቡት ቀላል አይደለም። ለፋሲካ በሬ የምናርደው ዐሥር ሆነን ነው። ቅርጫችን ሕግ አለው፦ እያንዳንዱ ብልት ዐሥር ቦታ ይቆረጣል። ጉበቱ ዐሥር፣ ሻኛው ዐሥር፣ ጨጓራው ዐሥር፣ ፍሪምባውም ዐሥር። ዐሥሩ መደብ ቅጠል ላይ ይደረደራል፣ እያንዳንዱ ሰው አንዳች ነገር ለዕጣ ያዋጣል፣ ዕጣው ሲዋጣ ያላየ ሰው ተጠርቶ መደቡ ላይ ይጥለዋል። ማንም «ይሄ ይሁንልኝ» አይልም። ዳኛችን እህል ነጋዴው ኦቦ ቶሎሳ ናቸው። በእርሳቸው ዘመን ቅርጫ ላይ ማንም አልተጣላም፤ የሚጣላበት ነገር ሁሉ አስቀድሞ ዐሥር ቦታ ስለተቆረጠ ነው።

ይህ ቅርጫ ለእኔ ምን እንደሆነ ካልነገርኳችሁ ቀሪው አይገባችሁም። አምቦ የመጣሁት በምደባ ነው። ዘመድ አልነበረኝም። የመጀመሪያዎቹን ፋሲካዎች ያሳለፍኩት ከሥጋ ቤት በገዛሁት ሁለት ኪሎ ሥጋ ነው። ሰፈሩ ሁሉ በየግቢው ቢላ ሲስል፣ ሲሳሳቅ፣ ሲጯጯህ እኔ በፌስታል ሥጋዬን ይዤ በጥግ በጥግ አልፋለሁ። ከዚያ አንዱ ማኅበርተኛ ወደ ነቀምት ተዛወረና ቦታ ተከፈተ። ኦቦ ቶሎሳ መንገድ ላይ አስቆሙኝና «አስተማሪው» ብለው በኦሮምኛ ሰላም አሉኝ።

«ያ ባርሲሳ፣ አካም ጅርታ? ቢላ አለህ?»

«አለኝ፣ ኦቦ።»

«እንግዲያው ቅዳሜ ና።»

በቃ፤ የአምቦ ሰው የሆንኩት በዚያች ቀን ነው። መታወቂያዬን ያወጣሁት ከዚያ በፊት ቢሆንም እኔ የምቆጥረው ከዚያች ቅዳሜ ነው።

እና ይህን ሁሉ እያወቅሁ ምን አደረግሁ? የሁዳዴ ጾም እኩሌታ ላይ ስለ በሬው ልንመካከር ተሰብስበን ሳለ እጄን አወጣሁ። ዘንድሮ ፍሪምባው እንዳይቆረጥ፣ ሙሉውን እንዲሰጡኝ፣ በልዩ እንጨት ጭስ አብስዬ ፋሲካ ዕለት ዐሥር ሰዓት ላይ ከነቤተሰባቸው እንደማበላቸው ተናገርኩ። ክፍል ውስጥ እንደማስረዳው አስረዳሁ፤ ስለ ሙቀት፣ ስለ ጅማት መለስለስ፣ ስለ እንጨት ጠባይ።

ጋሽ ኃይሉ የሚባሉ ጎረቤቴ አሉ። አያታቸው ከመንዝ መጥተው እዚህ የቀሩ፣ ምላሳቸው ከቢላቸው የተሳለ ሰው ናቸው። «መምህር፣» አሉኝ፣ «ሃምሳ አምስት ቀን ጾሜ የምጠብቃትን ፍሪምባ በጭስ ልታንቃት ነው?»

«ጋሼ፣ አንዴ ቢቀምሱት ሌላ አይበሉም።»

«እሱን ነው የምፈራው!»

ሳቁብኝ። ሲሳቅብኝ ደግሞ አፌ ከእኔ ቀድሞ የሚሄድ ክፉ አመል አለብኝ። ብድግ አልኩና «ካልጣፈጠ ከቅርጫው ልውጣ!» አልኩ።

ሳቁ ቆመ። ኦቦ ቶሎሳ ከዘራቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላ እጅ አዛወሩ። «ቃል ነው?» አሉ።

«ቃል ነው።»

«ቶሌ» አሉ። ቶሌ ማለት እሺ ማለት ነው፤ እኔ ግን የሰማሁት በር ሲዘጋ ነው። ወደ ቤት ሄድኩ። ለጽጌ ስነግራት ምስር ትለቅም ነበር፤ ቀና አላለችም። «ፍሪምባ ቀምሰህ አታውቅም ወይስ ከቅርጫ ወጥተህ አታውቅም?» አለችኝ።

በማግስቱ እንጨት ፍለጋ ወጣሁ። መጀመሪያ ገበያ፣ አዴ ጫልቱ ዘንድ። አዴ ጫልቱ በጣት በጣት የተፈለጠ ወይራ በትንንሽ እስር የሚሸጡ ሴት ናቸው።

«ለወተት ነው ለጠላ?» አሉኝ ቀና ብለው።

እዚህ ላይ ቆም አልኩ። እንጨት የሚሸጥ ሰው «ለምን ጭስ ነው?» ብሎ ሲጠይቅ የባርኔጣው ሰውዬ ብቻ መስሎኝ ነበር። «ለሥጋ» አልኳቸው።

«ለሥጋ? ሥጋ ደግሞ ምን አጠፋ?»

አስረዳኋቸው። ጥሩ አድማጭ ናቸው። እርሳቸውም አስረዱኝ። ለወተት ዕቃ የሚሆነው ወይራ በጣም ደርቆ ፍሙ ብቻ የሚታጠንበት ነው፤ ለጠላ ጋን ጥቂት ጭሱ በርከት ቢል አይከፋም፤ እርጥቡ ግን ለማንም አይሆንም። «ጭሱ ነጭ ከሆነ ተወው። ዕቃው ይመርራል፣ ወተቱም ይመርራል፣ ባልየውም ይመርራል» አሉኝ። ጻፍኩት። ደብተር ይዤ ነበር የምዞረው፤ «እንጨት»፣ «ሽታ»፣ «ሰዓት»፣ «ፍርድ» የሚሉ አራት አምዶች ያሉት። ጻፍኩት እንጂ አላመንኩትም። ምክንያቱም ሰውዬው ስለ ወይራ አንድም ቃል አልተናገረም። እሱ ያለው የፍራፍሬ እንጨት ነው።

የፍራፍሬ እንጨት ፍለጋ ጊንጪ ድረስ ሄድኩ። ግቢያቸው ውስጥ ሁለት የፖም ዛፍ ያሉ አንድ ጡረተኛ እንዳሉ ሰምቼ ነው። ሽማግሌው በደስታ ተቀበሉኝ፤ ዛፎቻቸውን ሊያይ ከአምቦ ድረስ የመጣ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም። እየዞሩ አሳዩኝ። ይህ ውርጭ መቶት የተረፈ ነው፣ ይህ ባለፈው ዓመት አራት ፍሬ የሰጠ ነው፣ አራቱን ማን ማን እንደበላ እስኪነግሩኝ ድረስ።

«እና ፍሬ ፈልገህ ነው?» አሉኝ በመጨረሻ። «ገና አልደረሰም።»

«አይ፣ ጋሼ። እንጨቱን ነው።»

«ልታዳቅለው?»

«ላቃጥለው።»

ሽማግሌው ድንጋይ ፈልገው ተቀመጡ። «ልጄ፣ ይህን ዛፍ ከልጆቼ አብልጬ ውኃ አጠጥቼዋለሁ። ፍሬውን ብትጠይቀኝ እምቢ እልህ ነበር። አንተ ደግሞ ልታቃጥለው ትጠይቀኛለህ?» ስለ ጭሱ ጣፋጭነት ነገርኳቸው። ዛፉን አዩ፣ እኔን አዩ፣ እንደገና ዛፉን አዩ። የእኔ በሽታ ሲጋባባቸው በዓይኔ አየሁት። መጋዝ አመጡና አንድ ደህና ቅርንጫፍ ቆረጡልኝ። አንድ ነገር ብቻ አስማሉኝ፦ ጭሱ ምን ምን እንደሚሸት ደውዬ እንድነግራቸው። ቅርንጫፉ ከነቅጠሉ ነበር፤ የተቆረጠበት ቦታ በጣት ሲነካ ያረጥባል።

የሚቀጥለው ቅዳሜ ማንጎ ፍለጋ ባኮ ወረድኩ። ባኮ ቆላ ቀመስ ነው፣ ማንጎ ሞልቷል፣ የማንጎ እንጨት ስጠይቅም ማንም አልደነገጠም፤ ወዲያው ቆርጠው ጆንያ ሙሉ ሰጡኝ። ጣጣው የመጣው አውቶቡስ ላይ ነው። ረዳቱ ጆንያውን አነሳና ክብደቱ ገረመው።

«ምንድነው?»

«እንጨት።»

«ከሰል ማለትህ ነው?»

«እንጨት ነው። ማገዶ።»

«ከባኮ ወደ አምቦ? ማገዶ?»

አውቶቡሱ ሁሉ ዞር ብሎ አየኝ። አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት እናት በሐዘኔታ ድምፅ «ልጄ፣ አምቦ እንጨት ጠፋ እንዴ?» አሉኝ። ለማስረዳት ብሞክርም ከኋላ ያለው ሰው ከፊት ላለው፣ የፊቱ ለሾፌሩ ነገረው። ጌዶን ስናልፍ አምቦ ላይ እንጨት እንደጠፋ የተረጋገጠ ወሬ ሆኗል። ጉደር ስንደርስ እኚያው እናት ወርደው አንድ ሸክም እንጨት ገዝተው ጣሪያ ላይ አስጫኑ። አምቦ ስንገባ መንገድ ዳር ተቆልሎ የሚሸጠውን ማገዶ አዩትና እኔን አዩኝ። እስከ መናኸሪያው ድረስ አላናገሩኝም።

አራተኛው ኮክ ነው፤ ሸነን የሚያስተምር ጓደኛዬ ከጓሮው ቆርጦ ላከልኝ። ወይራ፣ ፖም፣ ማንጎ፣ ኮክ። ጽጌ አራቱን ክምር ግድግዳው ሥር ተደርድሮ ስታይ «እንግዲህ ቤቱን ሲያቃጥለው ቢያንስ ደህና ይሸታል» አለች።

በርሜሉን ብየዳ ቤት አሠራሁት። በያጁ በር አበጀለት፣ ጭስ መውጫ ገጠመለት፣ ሽቦ ዘረጋለት። ምን እንደሆነ ስነግረው አላመነኝም፤ ዞር ብሎ ለጓደኛው «አረቄ ማውጫ ነው፣ አስተማሪ ስለሆነ አፍሮ ነው» ሲል ሰማሁት።

እንግዲህ ሙከራ። አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ሁዳዴ ነው። ሥጋ የለም። ቢኖርም ማን ይቀምሰዋል? እንጨት ለመምረጥ ግን ማጠን የግድ ነው። ስለዚህ የማገኘውን ሁሉ አጠንኩ። ድንች አጠንኩ። ሽንኩርት አጠንኩ። ቀይ ሥር አጠንኩ። አንድ ቀን ጽጌ ለምሳ ያጠበችውን ጎመን ከነሰፌዱ ይዤ ስሮጥ በር ላይ ያዘችኝ። የጎረቤት ልጆች ሳይቀሩ «ዛሬ ምን ታጠነ?» ይሉኝ ጀመር።

አንድ ጥርጣሬ ገባኝና የንስሐ አባቴን ጠየቅኋቸው። «አባ፣ ለሥጋ ብዬ የማጨሰውን ጭስ በጾም ባሸት ይገድፋል?»

አባ ጢማቸውን ዳበሱ። «ጭሱ አይገድፍም ልጄ። ሐሳብህ ግን ጾሙ ከገባ ጀምሮ ገድፏል» አሉኝ። ሰባት ስግደት ጨመሩልኝ። ሰገድኩ፣ ወደ በርሜሌም ተመለስኩ።

ከትምህርት ቤት የምመለሰው ስምንት ሰዓት አካባቢ ነው። እህል የምቀምሰው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። በመሐል ያለችው አንድ ሰዓት የሙከራ ሰዓቴ ነበረች። በርሜሉን አነድዳለሁ፣ አፍንጫዬን ጭስ መውጫው ላይ እደግናለሁ፣ እጽፋለሁ። ደብተሩ አሁንም አለኝ፤ ላንብብላችሁ። «ወይራ፦ ግሩም። ፖም፦ እጅግ ግሩም። ማንጎ፦ ልዩ፣ የሚያስጎመጅ። ኮክ፦ ቃል የለኝም።» በሳምንቱ ደግሞ እንደገና ሞከርኩ። «ወይራ፦ እጅግ ግሩም። ማንጎ፦ ግሩም፣ ግሩም።» አንድም መጥፎ ውጤት የለም። ተማሪዎቼ እንዲህ ዓይነት ውጤት ቢያመጡ ኮርጀዋል ብዬ ፈተናውን እሰርዝ ነበር።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ጎማ ጥገና ቤት በር ላይ አሮጌ ከመነዳሪ ሲቃጠል ምራቄ መጣ። ቆሜ አሸተትኩ። ያኔ መንቃት ነበረብኝ። አፍንጫዬ ከሁዳዴ መጀመሪያ ጀምሮ ጾሞ ነበር እኮ! የጾመ አፍንጫ ምን ያማርጣል? እኔ ግን ጎማውን ታዝቤ አለፍኩ፤ በእንጨቶቼ ላይ ያለኝ እምነት አልተነካም።

አራቱም ግሩም ስለሆኑ መምረጥ አቃተኝ። ስለዚህ አራቱንም ላቀላቅል ወሰንኩ። ይህን ለአዴ ጫልቱ ልነግራቸው ገበያ ሄድኩ፤ እንደምኮራበት ነገር። የማንጎውን አንድ ቁራጭ ሰጠኋቸው። በጥፍራቸው ላጥ አደረጉትና አሸተቱት።

«ማሎ፣ እባክህ፣ ይሄ እርጥብ ነው። ፀሐይ ላይ አስጣው፤ ጥሩ እንጨት ነው።»

«ለፋሲካ ይደርሳል?»

«ይደርሳል። ለመጪው ዓመት ፋሲካ።»

ዐሥር ቀን ነበር የቀረኝ። «አመሰግናለሁ አዴ» ብዬ ሄድኩ። ምክር ስንቀበል እናመሰግናለን፣ ሳንቀበልም እናመሰግናለን፤ መካሪው ልዩነቱን የሚያውቀው በኋላ ነው።

ቀዳሚት ስዑር ዕለት ከሰዓት በኋላ በሬው ተጣለ። ብልት አውጪያችን ፍሪምባው ላይ ሲደርስ ቢላው በልማድ ሊቆርጥ ተነሳ፣ ቆመ፣ ኦቦ ቶሎሳን አየ። እርሳቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ሙሉው ፍሪምባ ወጣ። ዘጠኝ ሰው ዝም ብሎ ሲያየው ዘጠኝ ልጅ አንድ ጊዜ የሚዳር ይመስል ነበር። በሁለት እጄ ተቀበልኩ። ያን ጊዜ ነው በመጀመሪያ ክብደቱን ያወቅሁት፤ የኪሎውን ማለቴ አይደለም።

ከቅዳሴ መልስ ጾሙን ፈታን። ዶሮውን በላሁ፣ ደገምኩ፣ ሦስተኛም ሳልደግም አልቀረሁም። ልክ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በነጭ ነጠላዬ በርሜሉ ፊት ቆምኩ። ወይራ፣ ፖም፣ ማንጎ፣ ኮክ። እሳቱን አነደድኩ፣ ፍሪምባውን ሽቦው ላይ አጋደምኩ፣ ክዳኑን ዘጋሁ። የባርኔጣው ሰውዬ «ከከፈትከው ተበላሸ» ብሏል። አልከፍትም።

ጭሱ ነጭ ሆኖ ወጣ። እንደ ጥጥ ነጭ። ሦስት ሰዓት ላይ ወደ ብጫ አዘነበለ። ጎረቤት «እንኳን አደረሳችሁ!» እያለ ያልፍና መሐል ላይ ያስላል። ጋሽ ኃይሉ ከአጥራቸው ባሻገር ብቅ ብለው «መምህር፣ ተርፈሃል?» አሉኝ። «እየሄደ ነው!» አልኳቸው።

ከዚያ ወደ ጭስ መውጫው ጠጋ ብዬ እንደ ልማዴ አሸተትኩ። ሆዴ ሙሉ ነው። በሃምሳ አምስት ቀን ውስጥ ጠግቤ ያሸተትኩት ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር። እና አፍንጫዬ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነቱን ነገረኝ፤ የረጠበ ጨርቅ ቀስ ብሎ ሲያርር እንዴት ይሸታል? እንደዚያ። ደብተሬን አውጥቼ «ፍርድ» የሚለው አምድ ላይ እስክሪብቶ አሳረፍኩ። ምንም አልጻፍኩም። የዐሥር ቤተሰብ ፍሪምባ ነው እዚያ ውስጥ ያለው። ክዳኑን ልክፈት? ሰውዬው አትክፈት ብሏል። አዴ ጫልቱ ደግሞ «ነጭ ከሆነ ተወው» ብለውኛል። ከሁለቱ ማን ጭስ ያውቃል ብዬ ራሴን ስጠይቅ መልሱ ገባኝ፤ ግን ጊዜው አልፏል፣ አማራጭ እንጨትም የለኝም። ማድረግ የምችለው መቆም ብቻ ነበር። ቆምኩ። ጽጌ አንድ ጊዜ መስኮት ከፍታ አየችኝ፤ ፊቴን አይታ መስኮቱን ዘጋችው። ከዚያ በኋላ አልወጣችም።

ዐሥር ሰዓት ሲሆን ሁሉም መጡ። ከነሚስቶቻቸው፣ ከነልጆቻቸው፣ በፋሲካ ልብሳቸው። ኦቦ ቶሎሳ ወንበር ተሰጣቸው። ክዳኑን ከፈትኩ።

ፍሪምባው እዚያው ነበር። ቀለሙ ግን የበሬ አልነበረም። ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ ጥቁር፣ በላዩ ላይ እንደ ቅጥራን የረጋ ነገር ያለው። ቆረጥኩት። ውስጡ እውነትም ለስልሷል። «ውስጡ ጥሩ ነው» አልኩ። ለኦቦ ቶሎሳ የመጀመሪያውን ቁራሽ ሰጠኋቸው።

አኘኩ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ቆዩ። እንደገና አኘኩ። ዋጡትም። ከዚያ ቢራቸውን አንስተው ተጉመጠመጡና ተፉ።

ጋሽ ኃይሉ ቀመሱ። «ኮሶ!» አሉ። «ያለ ሐኪም ትእዛዝ!» የመጣው ሰው ሁሉ ቀመሰ፤ ሴቶቹ ቀምሰው ልጆቻቸውን ከለከሉ። ሳቅ አልነበረም። ቢስቁብኝ ይሻለኝ ነበር። ሃምሳ አምስት ቀን የጾመ ሰው ፍሪምባው ሲያመልጠው አይስቅም፤ ወደ መሬት ያያል። ሁሉም ወደ መሬት ያዩ ነበር። በጣም አፈርኩ። ከፌስታሌ ጋር በጥግ በጥግ የማልፍባቸው ፋሲካዎች ታዩኝ።

ነጠላዬን አስተካከልኩና ቆምኩ። «ቃል ቃል ነው» አልኩ። «ካልጣፈጠ እወጣለሁ ብያለሁ። አልጣፈጠም። ይቅር በሉኝ።»

ኦቦ ቶሎሳ ወደ ብልት አውጪው ዞሩ። «ቢላህን አምጣ» አሉት። «ዐሥር ቦታ ቁረጠው።»

«ይሄን ኦቦ?»

«ይሄን።»

ጋሽ ኃይሉ ተቆጡ። «እኔ ይሄን ቤቴ ወስጄ ምን ላደርገው ነው? ውሻዬ ይጣላኛል!»

«ውሻህ ያንተ ጉዳይ ነው» አሉ ኦቦ ቶሎሳ። «ድርሻህን ግን ትወስዳለህ። እኛ ስንሰጠው ዐሥራችን ሰጠነው። ሲጣፍጥ ዐሥር፣ ሲመርር ዘጠኝ የሚሆን ቅርጫ የለም።»

ብልት አውጪው እንደ ሕጉ ዐሥር አድርጎ ቆረጠው፤ ከጥቁሩም ከለስላሳውም ለሁሉም አዳረሰ። መደቦቹ ቅጠል ላይ ተደረደሩ። ኦቦ ቶሎሳ መዳፋቸውን ዘረጉና ዕጣ ተዋጣ። አንዱ ክብሪት፣ አንዱ የቢራ ቆርኪ፣ ጋሽ ኃይሉ እያጉረመረሙ የሳጥን ቁልፍ፣ አንዱ ጠጠር፣ ሌላው ቅጠል። እኔ በርሜሌ አጠገብ ቆሜያለሁ። እጄን የት እንደማደርገው አላውቅም።

ኦቦ ቶሎሳ መዳፋቸው ላይ ያለውን ቆጠሩ። «ዘጠኝ ነው» አሉ። ቀና ብለው ዙሪያውን አዩ፤ የማን እንደጎደለ እንደማያውቁ ሆነው። ከዚያ ዓይናቸው እኔ ላይ ቆመ።

«ያ ባርሲሳ፣ ያንተ ዕጣስ የታለ?»

«ኦቦ፣ እኔ እኮ ቃል...»

«እኔ ቃልህን አልጠየቅሁህም። ዕጣህን አምጣ፣ ሰው አታስቁም።»

ኪሴን ፈተሽኩ፣ ባዶ ነው። ከነጠላዬ ጥለት ላይ አንድ ክር በጠስኩና መዳፋቸው ላይ አኖርኩት። እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ ሠርጌን ጨምሬ ነው የምለው፣ ጽጌ ይቅር ትበለኝ።

«ያላየ ሰው ጥሩ» ተባለ። ያላየች አንዲት ሰው ብቻ ነበረች፤ ጠዋት መስኮቱን ዘግታ የቀረችው ጽጌ። ወጣች። ሁላችንንም አየች፣ መደቦቹን አየች፣ ከኦቦ ቶሎሳ እጅ ዕጣዎቹን ተቀብላ እየዞረች አንድ በአንድ ጣለች። ቁልፉ ለስላሳው የሚበዛበት መደብ ላይ ወደቀ፣ ጋሽ ኃይሉም ተመስገን አሉ። የእኔ ክር ዳር ላይ ያለው፣ ከሁሉም የጠቆረው መደብ ላይ አረፈ። «እንዲሁ ዕጣህ ሆኖ ነው፤ ክሩ የማን እንደሆነ አላወቅሁም» ትላለች እስከ ዛሬ።

አራት ቀን በላሁት። በጣም መራራ ነበር። አንዲትም ቁራሽ አልጣልኩም።